የዓይኑ ብርሃን

ርሆቦት ኮምፒውተሯ ላይ የሠራችው የወንድሟ ምስል ታንኳ ላይ ቆሟል፤ ዓይኖቹ ግን የሚያዩ አይመስሉም። ባለፈው ክረምት ወንድሟን ጣና ሐይቅ ከነታንኳው ውጦት ቀረ። አስከሬኑ ስላልተገኘ እናታቸው እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም። የአኒሜሽን መምህሯ «የምታውቁትን ፊት ሥሩና በብርሃን ሕይወት ዝሩበት» ሲሉ፣ ለርሆቦት ከወንድሟ ሌላ ፊት አልመጣላትም። በሥዕሉ ውስጥ ፀሐይዋን ከውሃው ጥቂት ከፍ አድርጋ አኖረች፤ ከሐይቁ የሚያንጸባርቀውንም ጮራ ከአገጩ ሥር ለቀቀችው። ፊቱ ግን ሸክላ እንደሆነ ቀረ።

ሥዕሉ ላይ የጨመረቻት የመጨረሻዋ መብራት የጤፍ ቅንጣት ብታክል ነው። የዓይኑ ብሌን ላይ ስታኖራት ወንድሟ ድንገት አያት። ርሆቦት እንባዋ መጣ። እናቴም አይታው ትሰናበተው ይሆናል ብላ እናቷን ጠራቻት።

እናቷ ስክሪኑ ፊት ቆመች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«አላልሁሽም! አልሞተም አላልሁሽም!»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ሥዕል ነው።»

«ሥዕል እንዲህ ሰው ያያል? ይልቅ የትኛው የሐይቁ ዳር እንደሆነ ንገሪኝ።»

ርሆቦት የሥዕሉን መብራቶች ሁሉ አጠፋች። ፀሐይዋም፣ ውሃውም፣ የወንድሟም ዓይኖች ጨለሙ። «ይኸው እማዬ፣ እይው፤ የለም» ብላ ዞር ስትል ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። እናቷ ለልጇ የሚቀይረውን ደረቅ ልብስ ታቅፋ ወደ ሐይቁ ወጥታለች።