ባለ ወንበሩ ቲል

«እትዬ፣ ዛሬ ማሽኖቹ ጋ ነዎት» አለች ሰሎሜ፣ የሥራ ድልድሉ ያለበትን ታብሌት ደረቷ ላይ ይዛ።

እትዬ እታለማሁ አልሰሙም። ሲፈልጉ የማይሰሙ ሴት ናቸው። ሂሳብ መቀበያው ላይ፣ ባለ ወንበሩ ቲል ላይ ተደላድለው ተቀምጠው የዕቃ መተላለፊያውን ጎማ በሶፍት ይወለውላሉ። የሱቁ በር ሊከፈት ነው፤ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ ከባቡር የወረደው ሰው ውጪ መሰለፍ ጀምሯል።

ድሮ እዚህ ሱቅ ባለ ወንበር ቲል ሞልቶ ነበር። በኋላ ደንበኛው ራሱ ስካን አድርጎ ራሱ የሚከፍልባቸው ማሽኖች መጡና ወንበሮቹ ተራ በተራ ተነቀሉ፤ የቀረው ይኸው አንዱ ነው። ማን ይቀመጥ፣ ማን ቆሞ ማሽን ይጠብቅ የሚለውን የሚወስነው የፈረቃው አለቃ፣ ቲም ሊደሩ ነው። የበፊቱ ቲም ሊደር ግን እትዬ እታለማሁን ስለሚፈራ ወንበሩ የእሳቸው ርስት ሆኖ ቀረ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ቲም ሊደሯ ሰሎሜ ናት።

ሥራውን ያስገኙላትም እሳቸው ናቸው። የማናጀሩ የቤንጃሚን ቢሮ ገብተው «ልጄ ናት» ብለው። ከእናቷ ጋር የአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ። ሰሎሜ ባደገችበት የአርችዌይ ፍላት ቤት ውስጥ ታላቅ ሲገባ ልጆች ከሶፋው ብድግ ይላሉ፤ ታላቅን ከመቀመጫው ማስነሳት ግን እንዴት እንደሚደረግ ማንም አላስተማራትም።

ሳባ ባትኖር ኖሮ አትሞክረውም ነበር። ሳባ ማሽኖቹ አጠገብ ቆማ ሰፊ ሹራቧን ወደ ታች ትጎትታለች። እርግዝናዋ ስድስተኛ ወሩን ይዟል። የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ያልቃል፤ ቋሚ ኮንትራቱን እስክትፈርም ትንፍሽ እንዳትል ሰሎሜን በማርያም ለምናታለች። «ሕጉ እኮ ይጠብቅሻል» ብትላት፣ «ሕጉ ይጠብቀኝ፤ አንቺ ዝም በይልኝ» አለቻት። ትናንት ግን ራሷን አዙሯት ማሽኑን ተደግፋ ስትቀር ሰሎሜ አይታለች። ዛሬ ያቺ ልጅ መቀመጥ አለባት።

«ቲሉን ሳባ ትያዘው። እርስዎ ማሽኖቹን ይያዙልኝ።»

አሁን ተሰማቸው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ለዚህች ለጋ ወጣት ብለሽ? ጉልበቴንስ?»

የእትዬ እታለማሁ ጉልበት የሥራ ቀን ነው የሚያመው። እሑድ እሑድ ቅዳሴውን ሙሉ ቆመው ሲያስቀድሱ ስሙም አይነሳ።

«ጉልበትዎን ቤተ ክርስቲያን አይቼዋለሁ» አለች ሰሎሜ።

ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ሰው ሳቁን ሳል አስመሰለው። የእትዬ እታለማሁ ፊት ግን ጠቆረ።

«በይ ምክንያቱን ንገሪኝ።»

ምክንያቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብትተነፍስ እትዬ እታለማሁ ራሳቸው ወንበሩን አራግፈው ሳባን ያስቀምጧታል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ወሬው ሱቁን አዳርሶ ቤንጃሚን ጋ ይደርሳል።

«ምክንያት የለኝም። እኔ ነኝ የወሰንኩት።»

«ባጎረስኩ ተነከስኩ!» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ለእናትሽ ዛሬውኑ ነው የምደውለው።»

«ይደውሉላት። አሁን ግን ይነሱልኝ፣ እትዬ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት። አፈረች። ግን አላጠፈችውም። ዛሬ ካጠፈችው ነገ ማንም አይሰማትም፣ ሳባም ቆማ ትውላለች።

እትዬ እታለማሁ ተነሱ። መነጽራቸውን ያዙ፣ ሶፍታቸውን ያዙ፣ የውሃ ጠርሙሳቸውን ያዙ፤ ሱቁ ሁሉ በደላቸውን አይቶ እስኪጠግብ ድረስ ቀስ እያሉ። በሩ ተከፈተ፤ ሰው ገባ።

ሳባ አንገቷን ደፍታ መጣች። በአንድ እጇ የቲሉን ጠርዝ ያዘች፣ በሌላው ወገቧን ደገፍ አደረገች፣ ጉልበቷን ከፈት አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች።

እትዬ እታለማሁ አራት ልጅ ወልደዋል። አቀማመጧን አዩ። ሹራቡን አዩ። ከዚያ ዞረው ሰሎሜን አዩ፤ ትኩር ብለው አዩዋት። ሰሎሜ የያዘችው ታብሌት ላይ አቀረቀረች።

«እ» አሉ። ወደ ማሽኖቹ ሄዱ።

ብዙም አልቆየ፣ አንዲት ሴት እሽግ እሽግ ውሃና አንድ ጆንያ ሩዝ የጫነ ጋሪ እየገፋች ወደ ሳባ አመራች። እትዬ እታለማሁ መንገዷ ላይ ቆሙ።

«ኖ፣ ኖ፣ ዳርሊንግ» አሉ፤ በዚያው በእንግሊዝኛቸው ቀጠሉ፤ «እሷ ቀርፋፋ ናት። ወደ እኔ ነይ።»

«ማሽን አልፈልግም፤ ሰው ነው የምፈልገው» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?» አሉና ጋሪውን ነጥቀው ወሰዱት። ውሃውን አንስተው ራሳቸው ስካን አደረጉ፣ ሩዙን አንስተው ራሳቸው ስካን አደረጉ። ድንች የተሸከመ ሰውዬ ተከተለ፤ እሱንም ክንዱን ይዘው አዞሩት። ቀጥሎ ሁለት ካርቶን ወተት የያዘ መጣ፤ እሱንም።

ቤንጃሚን ከቢሮው ብቅ አለ። በማሽኖቹ በኩል ሰልፉ ተጠማዞ አትክልቱ ጋ ደርሷል።

«እታለማሁ ምን እያደረገች ነው?»

«ሥራዋን» አለች ሰሎሜ በእንግሊዝኛ።

ማዶ፣ ሳባ ፊት ለፊት፣ ባዶ ሊባል በደረሰው ጎማ ላይ አንድ ዳቦና አንድ እቅፍ አበባ ብቻ ቀስ ብለው ወደ እሷ ይመጡ ነበር።