ማዶ የቀሩት

«አሥር አለቃው ፓኒክ አደረገ፣ በቃ! ፈሪ ነበር!» አለች ሊና፣ ላፕቶፗ ላይ ያለውን የፈረሰ ድልድይ በእስክሪብቶ እየጠቆመች።

ነገ ክፍል ውስጥ የምታቀርበውን ታሪክ እናትና አባቷ ፊት እየተለማመደች ነው። በስደት የሚኖሩበት የኮሊንግዉዱ ፎቅ ሊፍት ዛሬም ስለተበላሸ፣ ደረጃውን በእግሯ የወጣችው እናቷ እስከዳር እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ታዳምጣለች። ታሪኩ የናፖሊዮን የጦር መሐንዲስ ታሪክ ነው። ምሽግ ሲሠራ፣ ድልድይ ሲዘረጋ ኮሎኔልነት ደረሰ። ጦሩ ሲሸሽ ግን ድልድዩን እንዲያፈርስ ታዘዘ፤ ክብሪቱን ለአንድ አሥር አለቃ ትቶ ሄደ። አሥር አለቃው ቸኩሎ ፈንጂውን ለኮሰ፤ ወገን ማዶ ቀረ። ሊና ስትፈርድ ደግሞ ምሕረት አታውቅም።

እስከዳር ሳቀች። ባሏ አስራት አልሳቀም። እሱም በዘመኑ መሐንዲስ ወታደር ነበር፤ የእስከዳር ብቸኛ ወንድም ብስራት ሰሜን ግንባር ሲሞት አብሮት የነበረ ጓደኛው። ስለዚያ ጦርነት በዚህ ቤት አይወራም።

«ፈሪ አይደለም» አለ አስራት።

«አባዬ፣ ገና ሰው እየተሻገረ እኮ ነው የለኮሰው!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ድምፁ ቤቱን ሞላው። «አለቃህ የለም። ጭጋግ ነው። ጠላት ደረሰ ይሉሃል፤ ከማዶ የሚሮጥ ሰው ታያለህ። ‹ወገን ነን! ወገን ነን!› ሲሉ የምትሰማው ከለኮስክ በኋላ ነው። ብስራት ከፊት ነበር። እየሮጠ… በስሜ ጠራኝ።»



«አንክል ብስራት?» አለች ሊና፣ አንዴ አባቷን አንዴ እናቷን እያየች።

እስከዳር እግሯን ከሶፋው አወረደች። «በጥይት ተመቶ ነው ያልከን» አለች። «እቅፌ ውስጥ ነው የሞተው አላልክም?»

አስራት ወደ እሷ ጠጋ አለ። «እስኩ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ለብስራት ለቅሶ ከግንባር ድረስ የመጣው እሱ ነበር። ከሠልስት በኋላም እየተመላለሰ የእስከዳርን እናት አጽናና፤ ኋላ ሽማግሌ ላከ። እናቷም «ልጄን ቀብሮ የመጣ ልጄ ነው» ብላ እስከዳርን ዳረችለት። «የልጄን ዓይን የከደነ እጅ!» እያለች መዳፉን አገላብጣ ስትስም፣ እስከዳር አጠገቧ ቆማ ታለቅስ ነበር።

ያ እጅ አሁን ጉልበቷ ላይ አርፏል። ልታነሳው ፈለገች፤ መንካት ግን አልቻለችም።