አሜሪካ የሄደው ጅራፍ

«ወገቧን ያዙላት! ጅራፉ ጠምጥሞ እንዳይጥላት!» አለ ባለሱቁ ሁሴን። ሜዳው በሳቅ ሞላ።

አያ ሙላቴ ግን አልሳቁም። «የልጄ ልጅ አሜሪካ ተወልዳም ጅራፍ ታጮሃለች» እያሉ በየደጁ ጉራቸውን ሲነዙ የከረሙት እሳቸው ናቸው። ይኸው ቡሄ ደረሰ፣ ጎረቤቱም ሊያይ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አሁን ካላጮኸች እስከ መስከረም ከቤት ባይወጡ ይሻላቸዋል። ድሮ በቅሎ የሰበረቻትን ቀኝ እግራቸውን ሰው እንዳያይባቸው፣ እንደ ልማዳቸው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

የልጅ ልጃቸው ማስተዋል ነጭ ጫማዋን ጭቃው ላይ ተክላ ጅራፉን ትፈታለች።

«ቢቀርስ ልጄ?» አሉ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ። «እጄን አሞኛል በይ። እኔ እመሰክርልሻለሁ።»

«አባባ፣ ዝም ብለው ይዩ።»

በመጀመሪያው ሙከራ ጅራፉ እንደ እርጥብ ገመድ ጭቃው ላይ ተዘረረ።

«እኔስ ብዬ ነበር፣ ጅራፍ የወንድ ነው» አለች ጎረቤታቸው እቴነሽ።

ማስተዋል ፊቷ ላይ የተረጨውን ጭቃ በክንዷ ጠረገች። ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ጅራፉን ከራሷ በላይ አዞረችው፤ ቀኝ እግሯን ጎተት፣ ትከሻዋን ዘንበል አደረገችና መለሰችው።

ጧ!

ታስረው የነበሩት አህዮች ደነበሩ። ጧ! አለ ደግሞ። ሁሴን ጆሮውን ያዘ። ጅራፉ ሊጮህ ባለ ቁጥር ያች ጤነኛ እግሯ ጎተት ትላለች።

«ውይ! እግርሽን ምን ነካው?» አለች እቴነሽ።

«ምንም። አጯጯሁ እንዲህ አይደል እንዴ?» ማስተዋል ግራ ገባት። «አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረን። እዚያ አሜሪካ በቡሄ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ልጆቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያጮኹት።»

ሰው ሁሉ የአያ ሙላቴን እግር አየ። የማስተዋልን አባት እዚሁ ሜዳ ላይ ጅራፍ ማጮህ ያስተማሩት በዚያችው እግር ቆመው ነበር።

«አያ ሙላቴ» አለ ሁሴን ቀስ ብሎ፣ «አሜሪካን እኮ አንካሳ አደረጓት!»

አያ ሙላቴ ከዘራቸውን ለሁሴን አስያዙት። ጅራፉን ከማስተዋል እጅ ተቀበሉና ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ ሜዳው መሃል ገቡ።