ፖርት አሥራ ሰባት

አሰላ ባለው የገብስ ገበሬዎች ዩኒየን ኔትወርኩ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ቀጥ ይል ጀመር። ሚዛኑ፣ ደረሰኙ፣ ሥራ አስኪያጁ በዩቲዩብ የሚከታተሉት ስብከት፣ ሁሉም አንድ ላይ።

አራት ሰዓት ማለት ከሲሬና ከአርቦዬ የመጡት አይሱዙዎች በሩ ላይ የሚሰለፉበት ሰዓት ነው።

«ኔትወርክ ሂንጅሩ!» ይላል ሀሰኖ የሚባል ገበሬ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ፣ የለም መባሉን ከኋላው ላሉት እያስተላለፈ።

ይሄኔ አቶ ወልደአማኑኤል ትልቁን መዝገብ በብብታቸው ሸጉጠው ከመዝገብ ቤት ብቅ ይላሉ። የጡረታ ዕድሜያቸው ካለፈ አራት ዓመት ሆኗል። ሠራተኛው «ወንበሩ ቀድሟቸው ካልሞተ አይነሱም» እያለ ያማቸዋል።

«ሳጥኑ ዛሬም ታመመ?» ይሏታል ሰናይትን።

ሰናይት የኔትወርክ ባለሙያዋ ናት። ሳጥን የሚሉት ስዊቹን ነው፤ የግቢውን ኮምፒውተሮች በሙሉ በሽቦ የሚያገናኘውን ባለ ሃያ አራት ቀዳዳ ዕቃ።

«የእርስዎንም መዝገብ አይጥ እየበላው ነው፣ ጋሼ።»

«አይጧ ቢያንስ ገልጣ ታየዋለች።»

ሁለቱ ሰው ፊት ሲናቆሩ ገበሬው ወረፋው እስኪረሳው ይስቃል። አቶ ወልደአማኑኤል ግን እየመዘገቡ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት አንድም አይሱዙ አይቀርም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ደወሉ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍሰሐ ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ አንተን እናስተካክልሃለን አሉኝ» አሏት ሰናይትን። «ይሄ የሽማግሌው ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ወንበሬን ይወስድብኛል ብሎ ነው።»

«ያለ ማስረጃ ሰው አይከሰስም» አለች ሰናይት። «ስዊቹን ላዘው። አንድ ሽቦ ሁለቱም ጫፉ ግድግዳ ላይ ባሉት የኔትወርክ መሰኪያዎች ከተሰካ፣ መልእክቱ በራሱ ላይ እየዞረ ኔትወርኩን ያንቀዋል። ከነገ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ስዊቹ ያንን ቀዳዳ ብቻ ዘግቶ ቁጥሩን ይነግረናል።»

«እስካሁን ለምን አልነገረንም?»

«ስላልታዘዘ።»

አቶ ፍሰሐ መልሱ አጥጋቢ መሰላቸው።

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ኔትወርኩ አልጠፋም። ሰናይት አንድ ወረቀት አትማ አመጣች። አቶ ፍሰሐ ገልብጠው ያዙት፤ እሷ አቃናችላቸው።

«ፖርት አሥራ ሰባት» አለች። «ቀዳዳው የመዝገብ ቤት ነው።»

ግማሹ ቢሮ ተከትሏቸው ሄደ። ከመደርደሪያው ኋላ አንድ ሰማያዊ ሽቦ ሁለቱም ጫፉ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ተገኘ።

«ተንጠልጥሎ ለዓይኔ ቢያስጠላኝ ሰካሁት» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

«በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አቶ ፍሰሐ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ኮሪደሩ ጭምር እንዲሰማ።

«ለሽበትዎ ስል ፖሊስ አልጠራም። ጡረታዎ አይነካም። ግን ዛሬውኑ ይወጣሉ! ከእንግዲህ በዚህ በር እንዳላይዎት!»

«እባክህ ልጄ…»

«አልኩ! ደብዳቤው አሁን ይጻፍ!»

ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። ሰናይት ዓይኗ ቀልቶ ሻንጣቸውን ተሸክማ እስከ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። አቶ ወልደአማኑኤል የኦጎልቾ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሞተሩ ሲነሳ ነው መስኮቱን ከፍተው አንገታቸውን ያወጡት።

«ያ ሰውዬ የጡረታ ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ ቀዶብኛል፤ የሽቦውን አሰካክ ባታስተምሪኝ ኖሮ፣ ልጄ፣ እዚያው ገብስ ስመዘግብ ነበር የምሞተው!»