ያልተጫረችው መኪና

እጄን በመኪናዋ መስኮት አስገብቼ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞረው አዲሱ ጎማ ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይታከካል። ጎማው ትልቅ ነው፤ እንዲሆንም ፈልጌ ነው። ባሌስትራ ጨምሬ ከፍ አድርጌያታለሁ፣ የፊት መከላከያ ፓራውልቷን ፈትቼ ጥያለሁ፤ የቀረኝ ጎማውን የሚነካውን ላሜራ መቁረጥ ነው። የምቆርጥበትን በጠመኔ አስምሬ ግራይንደሩን አነሳለሁ።

የግቢው በር የሚከፈተው ይሄኔ ነው። ጋሼ ናቸው፤ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም። እዚህ ግቢ ሲገቡ አንኳኩተው አያውቁም። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ተከትሏቸዋል።

"እኚህ ሰው አሮጌ መኪና ይሰበስባሉ" ይላሉ። "ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች፣ ጭረት የሌላት ከተገኘች እንገዛለን ብለዋል። በይ ያን ነገር አስቀምጪው።"

"አልሸጥም ብዬዎታለሁ እኮ፣ ጋሼ።"

"ከምታበላሺያት ትሸጥ። የወንድሜ ማስታወሻ ናት።"

ማስታወሻ ለገበያ እንደሚወጣ ዛሬ ሰማሁ። መኪናዋ በሕግ የእኔ ናት፤ በቤተዘመድ አፍ ግን እስከ ዛሬም የእሱ ናት።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ባለቤቴ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት። በአራቱም ጎማዋ ዳገት የምትቧጥጥ መኪና ገዝቶ እሁድ እሁድ አጥቦ አስፋልት ላይ ያንሸራሽራት ነበር። እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ዳገት ቁልቁለት ስነዳ ኖሬያለሁ። የእሱን ቁልፍ ግን አንድ ቀን አልሰጠኝም። "ትጭሪያታለሽ" ይለኛል፣ አለቀ።

አሁን ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቼ ለራሴ እየሠራሁ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት አርቢዎች ሐኪም የላቸውም። ባለፈው ክረምት ምጥ የጠናባት ላም አለች ብለው ደወሉልኝ። መሻገሪያ አጥቼ ወንዙ ዳር ቆሜ፣ በስልክ እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አድርጉ ስል ላሟ ሞተች። ዘንድሮ በዚህች መኪና እሻገራለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

"ለመሆኑ ጎረቤት ምን ይላል?" ይላሉ ጋሼ።

"የሚለውን እንጃ። ግራይንደሩ ሲጮህ አይሰማኝም።"

ሰውዬው መኪናዋን ይዞራታል። በሯን በጣቱ ጫፍ ይዳብሳል፣ መነጽሩን አውልቆ ኮፋኖዋ ላይ ፊቱን ያያል።

"እህቴ፣ እባክዎ አይንኳት" ይላል፤ ከልቡ ነው። "እንዲህ ያለች ከእንግዲህ አትገኝም። ከተቆረጠች የፈሰሰ ውሃ ናት፣ ማንም አይፈልጋትም።"

"እኔም የምቆርጣት ለዚሁ ነው። ሙሉ እስከሆነች ድረስ ጋሼ በየሳምንቱ ገዢ ያመጡብኛል።"

የዓይን መከላከያዬን አደርጋለሁ። ጋሼ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ማብሪያውን እጫናለሁ። የስንት ላም ሆድ ቀድጄ ሰፍቻለሁ። ግራይንደሩን የጠመኔው መስመር ላይ አሳርፈዋለሁ።

የእሳት ፍንጣሪ ነበር የጠበቅሁት። የሚወጣው ነጭ ዱቄት ነው። ጫማዬን ያለብሳል፣ የጋሼን ሱሪ ያለብሳል፣ ይጨምራል እንጂ አያባራም። አጠፋዋለሁ።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ዱቄቱን በሁለት ጣቱ ያሻል።

"ስቱኮ ነው" ይላል። "ይህች መኪና ተጋጭታለች። የጎደጎደውን በስቱኮ ሞልተው ነው ቀለም የቀቡት።" ወደ ጋሼ ይዞራል። "ጭረት የላትም አላሉኝም?"

ጋሼ ኩም ብለዋል። ያልደነገጡት ግን ለምንድን ነው? የሚያዩት ዱቄቱን አይደለም፣ የጫማቸውን ጫፍ ነው።

"ያውቁ ነበር" እላቸዋለሁ።

ሰውዬው መነጽሩን መልሶ አድርጎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይወጣል። በሩ ሲዘጋ ጋሼ ይናገራሉ።

"የገዛት ሰሞን ነው። ከድንጋይ አጥር ጋር አላተማት። እኔ ግቢ ደብቀናት ራሱ በመዶሻ ሲያቃና ከረመ። ለእሷ ትነግርና ወንድሜ አይደለህም ብሎ አስማለኝ።"

"እኔ ምን አደርገው ነበር?"

"አፍሮ ነዋ። ነፍሱን ይማረውና፣ ጥሩ ነጂ አልነበረም። አንቺ ትበልጪው ነበር። እሱም ያውቀው ነበር።"

ልሳቅ ልጩህ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ለመኪናዋ የሚሳሳ ይመስለኝ ነበር፤ የሚፈራው ለካ እኔን ኖሯል። በስቱኮው ሥር ላሜራው ብቅ ብሏል። የመዶሻው ምት ያልሠለጠነ ነው፣ አንዱ ጠልቆ አንዱ ስቶ። ተናድጄበት ሳለሁ አንጀቴን ይበላኛል።

"እንግዲህ አወቅሽ" ይላሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ለስልሷል። "አሁን ተይው። የወንድሜን ገመና ደጅ አታውጪ። ስቱኮ የሚሠራ ሰው አለኝ፣ መልሼ አስደፍነዋለሁ።"

"አይደፈንም፣ ጋሼ።"

"ለእሱ ስትይ?"

"ለእሱ ስል ስንት ዓመት በጎን ወንበር ተቀመጥኩ። ፈቀቅ ይበሉ፣ ሱሪዎ ይቃጠላል።"

ፈቀቅ ይላሉ። አሁን የሚወጣው እሳት ነው። የላሜራው ጥግ እስክደርስ እጄን አላነሳም፤ ከነስቱኮው፣ ከነመዶሻው ምት ተቆርጦ እግሬ ሥር ይወድቃል።

ሞተር አስነስቼ ለመሞከር በሹፌሩ በር እገባለሁ። በዚህ በር ገብቼ አላውቅም። እግሬ ፍሪሲዮኑ ጋ አይደርስም፤ ወንበሩ ለረጃጅም እግሮቹ እንደተመቻቸ ነው፣ እሱ ከሞተ ወዲህ የነካው የለም። የወንበሩን ማንሻ ስቤ ወደ ፊት እገፋለሁ። ዝጎ ይዟል። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ መላ ሰውነቴን እስባለሁ። ቋ ብሎ ይለቃል፤ ወንበሩ እኔን ይዞ ወደ ፊት ይመጣል።