ባሕር ጠሪዋ

ከሺህ ዓመት በፊት ባሕሩ በአንድ ጀንበር ጠፋ። ለምን እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን፣ መንገዱን አይቶ እንዲመለስ፣ አንዲት ጠሪ ተራራው ላይ በየምሽቱ እሳት ታነድዳለች።

የአሁኗ ጠሪ ሠላሳ ዓመት ብቻዋን ኖራለች። አንድ ቀን ልጇ፣ በደረቀው የባሕር ወለል ላይ ከተቆረቆረው መንደር ወጥታ፣ "እማዬ፣ ሺህ ዓመት ያልመጣ ዛሬ አይመጣም። አንድ ምሽት እንኳ ከእኛ ጋር ራት ብዪ" አለቻት።

አሮጊቷ እንጨቱን ሳትለኩስ ወረደች። ልጇ አጎረሰቻት። ከሰው እጅ ከጎረሰች ሠላሳ ዓመቷ ነበርና ዕንባዋ መጣ።

"አንድ ያጣላል" አለች ልጇ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ።

"እማዬ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ይሄ የሚያስገመግመው ምንድን ነው?"