ከመቶው አሥራ ዘጠኝ

መንግሥት ይበላል፣ ልጆቼ። አገር ምድሩ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ያፈራውን መቶ ቦታ ብትከፍሉት፣ መንግሥት ለደመወዙ፣ ለመጋረጃው፣ ለመኪናው ነዳጅ፣ ለወረቀቱ እያለ የሚያነሳው ድርሻ አለ። አሥራ ሰባት ነበር፤ አሥራ ስምንት ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ሲገባ ትልልቆቹ ሰዎች ደነገጡና ማን እንደበላው የሚያጣራ አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። አርባ ሠራተኛ ቀጠሩለት። በዚህ ለመሳቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ከአርባዎቹ አንዱ፣ ቆጣሪው እንበለው፣ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ተላከ። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ከየቅርንጫፉ ቢያንስ አንድ የሥራ መደብ ይታጠፍ።

ቅርንጫፉ ፎቅ ላይ አራት ክፍል ነበረው። ምን እንደሚሠራ እንዳትጠይቁኝ፤ በሩ ላይ የተጻፈው ፊደሉ ረግፎ አልቋል፣ ውስጥ ያሉትም አያውቁም። አራት ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ ከምሳ በኋላ አይገኙም። ግዢ ሠራተኛው ቦርጫሙ፣ ያለፈው ዓመት ወንበሮች ላስቲካቸው ሳይቀደድ ኮሪደር ላይ ተደርድረው፣ የዘንድሮውን ያዛል። ጸሐፊዋ ስልክ ላይ ናት። የቀሩት አምስቱ እነሱን ያያሉ።

ጎንበስ ብላ የምትሠራ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ጽዳቷ። ሰማያዊ ጋዋኗን ለብሳ፣ የየክፍሉን ቁልፍ ወገቧ ላይ አስራ፣ ጎህ ሲቀድ ትገባለች። ደመወዟን በአውራ ጣቷ ፈርማ ትቀበላለች። ደመወዟም ለልጅ ልጇ ናት፤ እናት የሌላትን ልጅ የምታስተምራት በዚያች ብር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ ሲሞትባት የሦስት ቀን ፈቃድ ብትጠይቅ፣ ሥራ ይበደላል ብለው አንድ ቀን ሰጧት። እነሱ ናቸው ሥራ ይበደላል የሚሉት።

የድሮው ኃላፊ ወደ ትልቅ ቦታ የተሳቡትም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለት ወር ያለ ኃላፊ ተቀመጡ። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ቢኖርም የሚመታው ጠፍቶ ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ፤ የደመወዙ ዝርዝር ሳይቀር። ቤት ውስጥ ስንት ጉሮሮ እንደሚጠብቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሲገቡ የኃላፊው ወንበር ላይ ኮት ተሰቅሏል፣ ዝርዝሩም ማህተም አርፎበታል። አዲሱ ኃላፊ መጡ ተባለ፤ ሁሉም እፎይ አለ።

ቆጣሪው እኚህን ኃላፊ ፈለጋቸው።

«ወጣ ብለው ነው፤ ይኸው ኮታቸው አለ» አለችው ጸሐፊዋ።

በማግስቱም ወጣ ብለዋል። በሦስተኛው ቀን ቆጣሪው ሽታው ሸተተው። ደመወዝ እየበላ ሌላ ቦታ የሚነግድ ሰው አገኘሁ ብሎ፣ በደስታ እጁን እያሻሸ መዝገብ ማገላበጥ ጀመረ።

ያገኘው ግን ሌላ ነው። እኚህ ሰው ዘንድ ወረቀት አያድርም። ማታ የተቀመጠው ሁሉ ጠዋት ታትሞ ይገኛል፤ አልፎ አልፎ ማህተሙ ቢገለበጥም። ለማንም እምቢ ብለው አያውቁም፤ ወንበር ሲባል ወንበር፣ መጋረጃ ሲባል መጋረጃ። የነዳጅ አበል አልወሰዱም፤ መኪናዋ ሳትነሳ ጎማዋ ተንፍሷል። ደመወዛቸውስ ቢል፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይሆናል አሉት። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚያው ይሆናል አለው።

ቆጣሪው ኮቱን ጠጋ ብሎ አየው። ክርኑ ላይ በሰማያዊ ጨርቅ ተጥፏል። ልቡ ተነካ፤ እሱ እንኳ ልብ ነበረው። የተጣፈ ኮት የሚለብስ ኃላፊ! እንዲህ ያለ አሥር ሰው ቢኖር ድርሻው አሥራ ዘጠኝ ይገባ ነበር ወይ ብሎ ለሽልማት ጻፋቸው።

የሚታጠፈው መደብ ላይ ለመምከር ሁሉም ተሰበሰቡ። እንደዚያ ቀን ተስማምተው አያውቁም። ቦርጫሙ ነው የተናገረው።

«ጌታዬ፣ ለዚህች ቢሮ ጽዳት ቅንጦት ነው። ጠረጴዛችንን ራሳችን እንወለውላለን።»

አፉን እንኳ በወጉ አይጠርግም።

ጽዳቷ ያን ጊዜ ደረጃውን ስትወለውል ነበር። ስብሰባው ሲበተን ባልዲዋን ይዛ ጸሐፊዋን ጠጋ አለቻት።

«እቴ፣ ሰው ሊቀንሱ ነው ይላሉ። እኔን አይነኩኝም አይደል? የልጅቷ ትምህርት ቤት ገና ነው።»

ጸሐፊዋ ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም። «የኃላፊው ማህተም ካላረፈበት ማን ይነካሻል?»

«እንደሱ ከሆነስ ደህና ነው» አለች ሴትየዋ። ፊቷ በራ፤ ውሃዋን ልትቀይር ሄደች።

የስንብቱ ደብዳቤ በዚያው ቀን ተጽፎ ከአሥራ አንድ የግዢ ወረቀቶች ጋር የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት አሥራ ሁለቱም ታትመው ተገኙ። ደብዳቤው ላይ ያረፈው ተገልብጧል።

ጸሐፊዋ ጠርታ አነበበችላት። ሴትየዋ ወረቀቱን ተቀብላ ክብ ማህተሙን በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«እዚህቹ ላይ ነው ያረፈው?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም» አለች።

ቁልፎቹን ከወገቧ ፈትታ አስረከበች፣ ባልዲዋን አስረከበች፣ ከዚያ ኃላፊው ክፍል ገብታ የሟች ባሏን ኮት ከወንበሩ ላይ አነሳችና ወደ ቤቷ ሄደች።